ለጎረቤቴ ዶሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክብርት ቀይ ዶሮ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በግቢዬ በነጻ ስለሚሰጡት የአበባ ችግኝ ማዛወር አገልግሎት ምስጋና ስለማቅረብ

ክብርት ሆይ፣

በቃል ሳሰማዎ የቆየሁት “እሽ!” በቂ መልእክት እንዳልሆነ ከሁኔታዎ ስለተረዳሁ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እንደሚያውቁት ቪንካ መነሻው ማዳጋስካር ሲሆን፣ እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃት ቦታ ከዓመት ዓመት የሚቆይ አበባ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን እዚያው ሥሩ ያራግፋል፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥልም ማንም ሳይዘራው ከኮብልስቶኑ ስንጥቅ ሳይቀር ብቅ ይላል። ይህን ቡቃያ ከአረም ለመለየት እንደኔ ያለው ሰው አጎንብሶ ይውላል። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የማንኛውንም ተክል ስለሚመስሉ፣ የሚያብረቀርቁትና መሃላቸው ላይ ነጣ ያለ መስመር ያላቸው ቅጠሎች እስኪከተሉ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ከዚያም ግንዱ ቀላ ያለው ሮዝ፣ አረንጓዴው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነጭ እንደሚያብብ ከወዲሁ ይገምታል። እርስዎ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለዎትም፤ እኔ ለይቼ እስክጨርስ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይመለከታሉ።

ቪንካ ሥሩ ሲነካበት የሚያኮርፍ ተክል ነው። ስለሆነም 4 ቅጠል ያህል ሲያወጣ መሬቱን ቀድሜ ውሃ አጠጥቼ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሾርባ ማንኪያ ከነአፈሩ አንሥቼ፣ በአዲሱ ቦታው ከተከልሁት በኋላ እስኪይዝ ድረስ ጥላ አበጅለታለሁ። የእርስዎ ዘዴ ማንኪያም ጥላም አይሻም። አፈሩ ገና ልል ሳለ ደርሰው፣ በሁለት ጭረት ሥሩን ወደ ሰማይ፣ ቅጠሉን ወደ ምድር አድርገው ያስተካክሉታል፤ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ጉድጓዱ እንዳይባክን የአቧራ ገላዎን ይታጠቡበታል።

ራብ ነው እንዳይባል፣ ቪንካ መርዛማ ስለሆነ አንድም ቅጠል ቀምሰው አያውቁም። ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች የሚገኙት ከዚሁ ተክል መሆኑን ስነግርዎም፣ አንገትዎን ዘንበል አድርገው በአንድ ዓይን ከመመልከት በቀር መልስ አልሰጡኝም። በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚውሉት አባ ኮዳ የተባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እንኳ፣ መልካቸው እንደዚያ ሆኖ ሳለ፣ የዓሣው አንጀት እስኪጣልላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

አሳዳሪዎን እትዬን በአክብሮት ባነጋግራቸው “ልጄ፣ ዶሮ ምን ታውቃለች ብለህ ነው?” አሉኝ። ይህን ስድብ በእርስዎ ስም ልቀበለው አልችልም። ከግቢው ሁሉ መርጣ ትናንት ማታ የተተከለውን ችግኝ ብቻ የምታገኝ፣ ጭረቱን እኔ ዘንድ አጠናቃ እንቁላሏ በደረሰ ጊዜ ግን አንድም ቀን መንገድ ሳትስት ወደ እትዬ ቤት የምትመለስ ዶሮ አታውቅም ማለት ከባድ ነው። እንዲያውም የሥራ ክፍፍሉን ያወጣው ማን እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

“ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ” የሚለውን ተረት እዚህ አልጠቅስም፤ ፋሲካ እየቀረበ ስለሆነ ማስፈራሪያ ሊመስል ይችላል። በችግኞቹ ዙሪያ የከመርሁት የእሾህ ቅርንጫፍም ሥራዎን ለማደናቀፍ የታሰበ ሳይሆን፣ እግርዎ ከድካም እንዲያርፍ ነው። ከዚህ ባሻገር ከእሾሁ አጠገብ ገለባ የተነጠፈበት ቅርጫት ያዘጋጀሁ ስለሆነ፣ ሥራው በሚከናወንበት ግቢ እንቁላሉም እንዲገባ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእትዬ፣ የአጥሩን ቀዳዳ ለሚደፍነው አካል እንዲመሩት