የስልክ ቁጥሩን ነገር ዘላችሁታል

ሰላም ከፍኖተ ሰላም። ስለ ማህበራዊ ሚዲያ አጀማመር ያወጣችሁት ጽሁፍ ለጀማሪ አሪፍ ነው፣ ፌስቡክ ቴሌግራም ቲክቶክ ምን ምን እንደሆኑ ቁልጭ አርጎ አስቀምጦታል፣ ግን "ስልክ ቁጥር አስገብታችሁ አካውንት ክፈቱ" ብሎ አለፈው እኮ፣ ጣጣው ያለው እዛ ላይ ነው። እኔ ሞባይል ቤት ነው የምሰራው፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ እናቶች "ልጄ አረብ አገር ናት፣ ፊቷን የማይበት ነገር ጫንልኝ የኔ ልጅ" ይሉኛል፣ ለነሱ ፌስቡክ ምን ያደርጋል፣ ኢሞ ወይ ዋትሳፕ ይበቃቸዋል (ፌስቡክ እስከ 5 ሺ ጓደኛ ይፈቅዳል፣ 5 ሺ ሰው የሚያውቅ ማነው ደሞ)።

ቴሌግራም የምትጀምሩ መጀመሪያ ሴቲንግ ግቡና ፕራይቬሲ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አርጉት፣ አንድ ግሩፕ እስከ 200 ሺ ሰው ስለሚይዝ ማን እንዳለበት አታውቁም። እዛው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አለ፣ የራሳችሁን ፓስዎርድ ጨምሩበት፣ ያለሱ ወደ ስልካችሁ የምትላከው የመግቢያ ኮድ ብቻዋን አካውንቱን ትከፍታለች። "በስህተት አንተ ጋ ኮድ ልኬ ነበር ላክልኝ" የሚላችሁ ወንድማችሁም ቢሆን እንዳትሰጡ፣ የሱም አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ይችላል፣ ኮዱን ከሰጣችሁ በናንተ ስም ለዘመድ ሁሉ "ቸግሮኛል ብር ላኩልኝ" ይባላል፣ ኮድ ለሚጠይቃችሁ ሰው መጀመሪያ ደውሉና ድምጹን ስሙ።

እድሜም አልተጠቀሰም፣ ፌስቡክም ቲክቶክም ከ13 አመት በታች አይፈቅዱም፣ ቲክቶክ ላይ ራሳችሁ ላይቭ ለመግባት (በቀጥታ ለማስተላለፍ) ደሞ 18 ነው፣ የኛ ሰፈር ልጆች ግን የልደት አመት ፈጥረው ነው የሚገቡት። ክፍል ሁለት ካለ እስቲ ስለነሱ ጻፉልን።