ያ ሁሉ ቲማቲም ማሳ ላይ ቀረ

እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ለኮሮና ተብሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ መቂ ያለው የአባቴ ቲማቲም ደርሶ ነበር። "የጭነት መኪና አልተከለከለም እኮ" ይሉናል። እሺ፣ መኪናው ይምጣ፣ ማን ይልቀም? ለቀማ የሚሠሩልን ልጆች ከወላይታና ከሀዲያ ነው የሚመጡት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ሲታገድ አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ። ደላላው ደግሞ "ሆቴሉ ቀዝቅዟል፣ ሰው ጥሬ አትክልት ፈርቷል" እያለ የሚጠራው ዋጋ የለቀማውን እንኳ አይሸፍንም። እህቴ አዲስ አበባ ጉሊት ላይ የምትገዛበት ዋጋ ግን ያን ያህል አልወረደም። ልዩነቱ የማን ኪስ ገባ?

እኔ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ማሳ ስንገባ ቲማቲሙ ፈነዳድቶ መሬቱን ሞልቶታል፣ ዝንብ ወሮታል፣ ሽታው አያስቀርብም። አባቴ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ደህና ደህናውን ባልዲ ውስጥ ይለቅማል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው! ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የፓምፑ ናፍታ፣ ሁሉም በዱቤ ነበር። ሁሉም ነገር ቆሞ፣ ዱቤው ብቻ አልቆመም። አንድ ቀን እንኳ ያራዘመለት የለም።