በጥምቀት የሚሰምጥ ምግብ ቤት

አክስቴ ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ስሙን አልነግራችሁም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ውስጡ ግን «ፀሐይ» የምትል ቃል እንዳለች ያዙልኝ። ኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንተ! እንግዶቼን ጥምቀተ ባሕር ወስዶ ጣላቸው እኮ!»

«ማነው የጣላቸው እትዬ?»

«ያ ስልካችሁ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ፈረንጆች የአክስቴን ሽሮ ሊበሉ ከሆቴላቸው ይነሳሉ። ስልካቸው ግራ ታጠፉ፣ ቀኝ ታጠፉ እያለ ይነዳቸዋል። መጨረሻ ላይ «ደርሳችኋል» ይላቸዋል። ቀና ሲሉ የፋሲል መዋኛ አጥር። ወጥ የለ፣ ወንበር የለ፤ የዛፍ ሥር የተጠመጠመበት ግንብ ብቻ። አንድ ባጃጅ ነጂ አዘነላቸውና ጭኖ አመጣቸው። ሒሳቡን አክስቴ ከፈለች። ከዚያ ለእኔ ደወለች። በቤተሰባችን ስልክ የሌለው የለም፤ ስልክ ላጠፋው የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ።

ጎግል ማፕን ከፈትኩት። እውነቷን ነው። ቀይዋ ምልክት መዋኛው መሐል ጉብ ብላለች። አብዛኛውን ዓመት ገንዳው ደረቅ ስለሆነ ምንም አይል። ጥር ሲገባ የቀሃ ወንዝ ውሃ ይለቀቅበትና ምግብ ቤታችን ይሰምጣል። ጥር 11 ጠዋት ወጣቱ ልብሱን እየጣለ ዘሎ የሚገባው አክስቴ ጓዳ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ማን አስቀመጣት? ሲጣራ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተገኘ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጥምቀት ላይ ታቦት ሲጠብቅ «እስኪ እማዬን ካርታ ላይ ላስገባት» አለ። ስልኩ ቦታው የት ነው ሲለው ራሱ የቆመበትን ነገረው።

«ልጄ እኮ አስቦልኝ ነው» አለች አክስቴ። እኔ ስሳሳት ግን ማሰቤን ያየልኝ የለም።

«እሽ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ሥራው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ቦታውን ትነካለህ፣ ማስተካከያ ጠቁም የሚለውን ትጫናለህ፣ ምልክቱን ጎትተህ ታስቀምጣለህ፣ ትልካለህ። ከዚያ ጎግል አይቶ ይወስናል፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ። ጣጣው የመጣው አንዲት ባዶ ሳጥን ፊቴ ስትደቀን ነው። «የመንገድ አድራሻ» ትላለች።

«እትዬ፣ አድራሻችን ምንድን ነው?»

«ፒያሳ ነዋ።»

«ፒያሳ ሰፊ ነው።»

«ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ።»

«የመንገዱስ ስም?»

«መንገድ ምን ስም አለው? ይኬድበታል እንጂ!»

በር ላይ የተቀመጠው ሊስትሮ ሰምቶ ኖሮ ብሩሹን አስቀመጠ። «ፎቶ ቤት የነበረው ብለህ ጻፍ» አለኝ። ፎቶ ቤቱ የተዘጋው ሊስትሮው ሳይወለድ ነው። እኔም አላውቀውም። ግን ማንም ቢጠይቀኝ የምለው ያንኑ ነው። ጎንደር ላይ ቤት ሲዘጋ አይጠፋም፤ «የነበረው» ተብሎ ይሾማል።

ጎረቤት ያሉት አባባ ግን አልተዋጠላቸውም። ከፎቶ ቤቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረበት፤ ትክክለኛው «ልብስ ሰፊው የነበረበት» ነው አሉ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ «ኧረ አባባ፣ ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ ብሎ ቢባልስ?» አለች። ዝቅ ብሎ ነው ወይስ ዞር ብሎ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፈሉ። አባባ በደብር ሊዳኙ ፈለጉ። 44 ታቦት አለ በሚባልበት ከተማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የትኛው ደብር ይቀርባል በሚለው ላይ አዲስ ክርክር ተጀመረ፤ ሁለተኛው ቡና ወረደ።

የእኛ አገር አድራሻ ብቻውን አይቆምም። ጠያቂ ይፈልጋል፣ መላሽ ይፈልጋል፣ መሐል ገብቶ የሚያርምም ይፈልጋል። ሳጥኗ ደግሞ አንድ መስመር ናት። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢን የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ እነዚህን ሰዎች ጠይቆ ቢሆን እስከ ዛሬ ቡና ላይ ነበር።

«በቃ ወረቀት አምጪልኝ» አልኳት። ንግድ ፈቃዱ አንድ ቀበሌ ይላል። የግብር ወረቀቱ ሌላ ቀበሌ ይላል። በሩ ላይ የተመታችው ቆርቆሮ የቤት ቁጥር አላት፤ የመጨረሻውን አሐዝ ግን ዝገት በልቶታል። 3 ወይም 8 ነው። አክስቴ 8 ይሁን አለች። ሞላ ያለ ነው።

ሰው ሰለቸኝና ወደ ቁጥር ዞርኩ። ካርታ ላይ ማንኛውም ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። ጎንደር ወደ 12.6 በ37.46 አካባቢ ናት። እኔ ሆዬ፣ ገልብጬ አስቀድሜ 37.46 ጻፍኩ። ካርታው ተነሥቶ በረረ። ሱዳንን አለፈ፣ ሊቢያን አለፈ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ደረሰና ከጣሊያኗ ሲሲሊ ጠረፍ ፈንጠር ብሎ ባሕሩ ላይ ቆመ። ከመዋኛ አውጥቼ ውቅያኖስ ልከታት! ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ላይ መጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። እኛ አሁን በስንት ዓመታችን ሽሯችንን ይዘን ተከተልነው ማለት ነው። ለአክስቴ አልነገርኳትም።

ጎግል አድራሻ ለሌለው ቦታ ብሎ ያወጣው ፕላስ ኮድ የሚባል ነገርም አለ። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ መሐሉ የመደመር ምልክት አለበት። በድንገት ቃል እንዳይወጣው ተብሎ አናባቢ ፊደል እንኳ የለውም። ጽፌ ሰጠኋት። አክስቴ ወረቀቱን ዘቅዝቃ አየችው፣ አቅንታም አየችው።

«ይሄማ ክታብ ነው» አለች። አጣጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። እስካሁን እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ምልክቷን በእጄ ጎትቼ በሩ ላይ አስቀመጥኳት። አሁን አበቃ ስል ፀሐይ ወጣች። ስሟን ፈልጌ ባየው ሦስት ቦታ አለች። አንዱ በላቲን ፊደል በ«ቲ ኤስ» ጽፏታል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ፣ ሌላው በ«ዜድ»። አልፈርድባቸውም፤ እኛም በጸሎቱ «ጸ» ነው በፀሐዩ «ፀ» እያልን ስንጨቃጨቅ ኖረናል። አንደኛዋ አሁን ከመዋኛው ያወጣኋት ናት። ሁለተኛዋ ወደ አዘዞ ስትሄድ መንገድ ዳር ናት። ሦስተኛዋ ሥር በቀይ «በቋሚነት ተዘግቷል» ይላል።

ይህን ማንበብ አልነበረብኝም። አነበብኩላት።

«ማነው የዘጋኝ?» ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። ዓይኗ ቀጥታ መንገድ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ላይ አረፈ። ማንም የስልክ ባለቤት ተዘግቷል ብሎ ሊጠቁም እንደሚችል፣ አስቦበትም ሳያስብበትም ሊሆን እንደሚችል አስረዳኋት። «አስቦበት ነው» አለች። ሁለቱን ትርፍ «ፀሐዮች» ድግግሞሽ ናቸው ብዬ አመለከትኩ። ስሙና ስልክ ቁጥሩ በየቦታው አንድ ዓይነት እንዲሆን ፌስቡኳንም ቴሌግራሟንም አረምኩ፤ ማሽኑ የሚያምነው ሁሉም አንድ አፍ ሲሆን ነው።

ሰዓቱ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 3 ትሠራለች። ልጇ የጻፈውም ያንኑ 1 እና 3 ነው። ካርታው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከፍታ ከቀኑ 9 ሰዓት የምትዘጋ ሴት አደረጋት። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ በእራት ሰዓት «ዝግ» ትባላለች።

የቀረው የቤቱ ባለቤት መሆኗን ማረጋገጥ ነው። ጎግል ለብዙ ጊዜ ለዚህ የሚልከው ቁጥር የተጻፈበት ፖስታ ካርድ ነበር። እዚህ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባል እንጂ በር አያንኳኳም። እኛን የጠየቀን ቪዲዮ ነው። ሳይቋረጥ፣ ሳይቀጣጠል፣ ባንድ ትንፋሽ። መንገዱን አሳይ፣ ታፔላውን አሳይ፣ ገብተህ ደግሞ ባለቤት ብቻ የሚከፍተውን ከፍተህ አሳይ።

አክስቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ጠበቀችኝ።

«የሰው ፊት አያስፈልግም እትዬ።»

«ታዲያ እኔ መሆኔን በምን ያውቃሉ?»

«በቁልፍሽ።»

በቁልፍ መታወቋ ቅር አሰኛት፤ ግን ጀመርን። የመንገድ ስም የተጻፈበት ምልክት ስለሌለ ካሜራውን ወደ ፋሲል ግንብ አዞርኩት። በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረ ከተማ ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ያሳይ? ወደ ታፔላው ስወርድ ሊስትሮው ስልኩ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ «ፎቶ ቤት የነበረው ነው!» ብሎ ጮኸ። ደገምን። ሁለተኛው ላይ ጓዳው በር ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን የያዘችው ልጅ በርበሬ ልታስፈጭ ሄዳለች። አራተኛው ላይ ሁሉም ሰመረ። አክስቴ ቁልፏን አስገባች፣ በሩን ከፈተች፣ ከዚያ ለስልኩ እጇን ዘርግታ «ግቡ፣ እንብላ!» አለችው። አልቆረጥኩትም። ላክሁት።

በሳምንቱ ተፈቀደ። ምልክቷ በሩ ላይ፣ ሰዓቷ ልክ፣ ፀሐይም አንድ ብቻ። ፈረንጆች ሳይጠፉ መጡ። የአገሩ ሰው ግን እንደ ድሮው ፒያሳ ላይ ቆሞ ይደውላል፤ አክስቴም ወጥ እያማሰለች «ዝቅ በል፣ ዝቅ በል፣ አየሁህ!» ትላለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። መረጃችሁ በተጠቃሚ ጥቆማ ተለውጧል ይላል። ከፈትኩት። ስሙ ላይ ተጨምሮበታል፦ «ፀሐይ ምናምን፣ ፎቶ ቤት የነበረው»። የሊስትሮው ሥራ ነው። በስልኬ ልመልሰው እችል ነበር፤ ግን በአካል ልገሥጸው ብዬ ሄድኩ።

ቤቱ ጢም ብሏል። አብዛኛው የአገሩ ሰው ነው። ሊስትሮው መሐል ተቀምጦ በነጻ ምሳ ይበላል።

«ተወው፣ አትንካው» አለችኝ አክስቴ ገና ሳልቀመጥ። «አሁን ነው ደህና የጻፋችሁት።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። አባባ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተውሰው መጥተዋል።

«ልጄ» አሉኝ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ማረሚያው የቱ ጋ ነው የሚነካው? ልብስ ሰፊው ቀርቷል።»