እርማት፦ በእጅ ሲነካ የደረቀ ግድግዳ ደርቋል ማለት አይደለም

«ውሃ የገባበት ግድግዳ በእጅ ሲነካ ደረቅ ከሆነ ቀለም መቀባት ይቻላል» የሚለው ምክር ብዙ ግድግዳ ያበላሻል፤ እባካችሁ አትከተሉት። ቀድሞ የሚደርቀው ላዩ ነው። ልስኑና ብሎኬቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ እያለ ሲወጣ አዲሱን ቀለም እንደ አረፋ ያስነሳዋል፣ ነጭ የጨው ዱቄት ያወጣል፣ በመጨረሻም ይልጠዋል።

መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ ዝጉ፤ ፍሳሹ ሳይቆም ማድረቅ ከንቱ ድካም ነው። ቬንቲሌተር አዙሩበት፣ ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አርቁ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መብቀል ሊጀምር ስለሚችል ይህን አታዘግዩ።

ከመቀባታችሁ በፊት 45 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። በማግስቱ ስትገልጡት ፕላስቲኩ ከውስጥ ላብ ካቋጠረ ወይም ከሥሩ ያለው ልስን ጠቆር ካለ፣ ገና አልደረቀም።