ውዳሴ ባለ አምስት ሊትር

በዓል ሳምንት ሲቀረው የአዲስ አበባ ልብ ይራራል። በቀሩት ወራት የት ከርሞ እንደመጣ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዶሮም በብዛት ገበያ የሚወጣው ለበዓል ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለኢድ በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ በየወረዳው አዳራሽ ደጃፍ ባለ አምስት ሊትር ዘይት እንደ ክብር ዘብ ይሰለፋል። ከጎኑ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ጎን እንቁላል፣ ከሁሉም ኋላ ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጡ እናቶችና አባቶች። ማዕድ ማጋራት ይባላል። ዛሬ ይህን ጥበብ ላወድስ ነው። በርግጥ በአዳራሹ ለጋሹን የሚያመሰግነው ሰው ቀድሞ ተመርጦ፣ ቃሉን አጥንቶ ስለሚመጣ እኔ ትርፍ ነኝ።

ጥበቡ ሀገር በቀል ነው። አራት ኪሎ፣ ዛሬ አንድነት ፓርክ ውስጥ የሚጎበኘው የምኒልክ የግብር አዳራሽ ምስክር ነው። እዚያ ሰው በየማዕረጉ ተቀምጦ፣ ዙር እየጠበቀ ይበላ ነበር። እኛ ያሻሻልነው ጥቂት ነው። ያኔ የተጋበዘው ጠግቦ ይሄዳል፤ ዛሬ የተጋበዘው ጄሪካን ተሸክሞ፣ ጋባዡ ደግሞ ቪዲዮ ይዞ ይሄዳል።

አሠራሩን ለጀማሪ ላስረዳ። መጀመሪያ የሚገዛው ዘይት ሳይሆን ባነር ነው። ሦስት ሜትር በሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ ካነሰ የለጋሹ ስም፣ አርማው፣ መፈክሩና የተባባሪ አካላት ዝርዝር አይበቃውም። ተቀባዮቹ ቦታ አይፈጁም፣ ሁሉም «አቅመ ደካሞች» በምትል ሐረግ ይጠቃለላሉ። ቀጥሎ ሞንታርቦ። ከዚያ ካሜራ፣ ቢቻል ሁለት፦ አንዱ ለዜናው በአግድሙ፣ ሌላው ለቲክቶክ በቁሙ የሚቀርጽ። ከዚህ በተረፈው ገንዘብ ዘይት ይገዛል።

ሰዓት አያያዙ ስስ ነው። ለሦስት ሰዓት ለተጠራ ዝግጅት ተቀባዩ አንድ ሰዓት ላይ እንዲገኝ በብሎክ ተጠሪው በኩል ይነገረዋል፤ የክብር እንግዳው አምስት ተኩል ላይ ይደርሳል። ይህ መዘግየት አይደለም፣ ካሜራ ባዶ ወንበር እንዳያይ ጥንቃቄ ነው። እርግጥ ከተቀባዮቹ መካከል ጠዋት ኢንሱሊን ወግቶ የወጣ የስኳር ሕመምተኛ ይኖራል። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ይወርዳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ አንደበቱ ይያዛል። እሱም አይባክንም። «በተደረገላቸው ድጋፍ ስሜታቸውን መቆጣጠር ያልቻሉ አባት» ተብሎ ይቀረጻል።

ርክክቡ ላይ አንድን ጄሪካን አንድ ሰው ብቻውን አይሰጥም። ሦስት አራት ባለማዕረግ በአንዲት እጀታ ላይ ይረባረባል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለካ ለዚህ ኖሯል። «እናቴ፣ ወደዚህ ይዩ» ይላል ካሜራማኑ። ካላዩ «አንዴ ይመልሱላቸው» ይባልና እንደገና ይቀበላሉ። እንዲህ እየሆነ አንዱ ዘይት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ አምስቱ ሊትር አሥራ አምስት ሆነ ማለት ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ካሜራ ሳይፈጠር ነው፤ ዛሬ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው ካልቀረጸ ማን ይመሰክራል?

የግል ዘርፉም ወደኋላ አላለም። ስልክ ያለው ቸር ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይዞ ጓሮ ይገባል፦ «ልጆችዎ የት ሄዱ?»፣ «እስካሁን እንዴት ኖሩ?»፣ «እማማ፣ አያልቅሱ»። ሦስተኛው ጥያቄ አለመሆኑን አውቃለሁ። እንባው የሚጀምርበት ምልክት ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ። አምስት ሊትር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 13.7 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው። በየበዓሉ የሚጠራ ይሻለው ነበር፣ ግን ዝርዝሩ በፈረቃ ነው፤ ለገና የወሰደ ለፋሲካ «ለሌላው ይድረስ» ይባላል። ባዶው ጄሪካን ግን ለዓመታት ያገለግላል። ለውሃ ይሆናል፤ ውሃውም በፈረቃ ነው፣ ብቻ ከዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

ዶሮ የሚሰጡት ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት አላት፣ አሥራ ሁለቱም ሽንኩርት ይፈልጋሉ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ከዚያም ሽንኩርቱ ቀልቶ እስኪበስል የሚነድ ከሰል። እነዚህ ስጦታው ውስጥ የሉም፤ ዶሮ የተሰጠው ሰው ለሽንኩርቱ ይበደራል። ዱቄቱ 25 ኪሎ ከሆነ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ግንፍሌ የሚያወርደው ተሸካሚ ይከፈለዋል። የሰማንያ ዓመት እናት ጆንያውን እንዴት እንደሚወስዱት የሚያስብ ኮሚቴ እስካሁን አልተዋቀረም። የባነሩ ግን አለ።

ክረምት ሲገባ ጥበቡ ወደ ቤት እድሳት ይሸጋገራል። ነጭ ጓንት፣ አዲስ ቆብ፣ አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ፣ አንድ ፎቶ። እዚህ ላይ የተፈጥሮን ሕግ የናቀው ድፍረት ያስደንቃል። የጭቃ ቤት ምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲለሰን ፀሐይ ይፈልጋል፤ በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ እስከ መስከረም እየተቀረፈ ይወድቃል። መርገው የኖሩ ሰዎች ይህን ሥራ ለበጋ ያቆዩታል። የበጎ ፈቃዱ መርሐ ግብር ግን የክረምት ስለሆነ ጭቃው ራሱን ያስተካክል። ጣሪያም ላይ እንዲሁ ነው፦ ሚስማር የሚመታው ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ጎማ ተደርጎበት ነው። ቸኩሎ ቦዩ ላይ የመታው ሰው ውሃ በሚወርድበት መንገድ ቀዳዳ ከፈተ። የድሮው ቆርቆሮ ያፈስ የነበረው በአንድ በኩል ነበር፤ የታደሰው በየሚስማሩ ያፈሳል። በዚህ ላይ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ፣ የታደሰና ያልታደሰ ቤት በአንድ ዶዘር እኩል ሆኗል።

ይህን ሁሉ ውበት ካየን በኋላ አሰልቺ ነገር ማየት ለሚሻ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰብ በየጊዜው የሚከፍለው ፕሮግራም፣ አለለት። በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረ፣ 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ከመንግሥት ተመድቦለት ለ604 ሺህ ሰው የታቀደ ፕሮግራም ነበር። በዕቅዱ 84 በመቶው መሥራት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻ ይሰበስባሉ፣ ችግኝ ይንከባከባሉ። 16 በመቶው መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጸና ሕመም ያለባቸው፣ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ነበሩ። ጣዕም የለውም። ነዋሪ ያለበት ኮሚቴ የድሃውን ልየታ ያካሂዳል፣ ዝርዝሩ ለሰፈሩ ይነገራል፣ ቅሬታ ያለው ያቀርባል፣ ገንዘቡ በባንክ ደብተር ይገባል። ሞንታርቦ የት ነው? እንባስ? ሰውየው ባንክ ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ፈርሞ ይወጣል። ማንም አያጨበጭብለትም፣ እሱም ማንንም አያመሰግንም። ውለታ ቢስነት ነው!

የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ የቀመሱት። የባንክ መስኮት ፊት የለውም፤ ትልቁ ጉድለቱ ይኸው ነው።

ሌላ ጉድለትም አለው፦ ቀኑ ይታወቃል። ወር በገባ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር እንደሚመጣ የሚያውቅ ባለሱቅ ዱቤ ይከፍታል። ሳሙናው፣ ምስሩ፣ የልጅ ደብተሩ በዱቤ ይወሰድና ክፍያው ሲገባ ይወራረዳል። በትንሽ ብር ወር የሚያልፈው በዚህ ዘዴ ነው። ለባነር ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ግን በመርካቶም አይገኝም። ክፍያው ሁለትና ሦስት ወር ሲዘገይ የሚበላሸውም ይኸው ነው፤ ብሩ በኋላ ተጠራቅሞ ቢገባ እንኳ ዱቤው ተዘግቷል፣ ሰውየው በወለድ ተበድሯል። ለሚያስፈጽመው ቢሮ መዘግየቱ የሰነድ ጉዳይ ነው፤ ለቤቱ ባለሱቁን ማጣት ነው።

ፕሮግራሙን ለማንቋሸሽ ሌላም ማስረጃ አለኝ። ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ 20 በመቶው ለቁጠባ ሲቀነስ 48 ብር በእጅ ይቀራል። ቁጠባው ክፉ ሐሳብ አልነበረም፣ ከፕሮግራሙ ሲመረቁ ለሥራ መነሻ እንዲሆን ነው። ግን የሥራ ቀኑ በመጀመሪያው ዓመት 60፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 እንዲሆን ተቀመረ። ቀኑ ቁልቁል ሲወርድ ሽንኩርት ሽቅብ ወጣ፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም ሳይባባሉ አልቀሩም። ከዝርዝሩ ጭራሽ የማይገቡም አሉ። ልየታው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ በቀበሌ ቤት ጓሮ በደባልነት የሚኖር፣ በረንዳ የሚያድር፣ መታወቂያው የጠፋበት፣ ድህነቱ በወረቀት አልተረጋገጠም። ከፒያሳ ወደ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የተዛወረም ከድሮው ወረዳ መሸኛ አውጥቶ አዲሱ ወረዳ እስኪመዘገብ ድረስ በየትኛውም መዝገብ ድሃ አይደለም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው መሸኛው ከሰውየው ጋር አብሮ እንዲሄድ ማድረግ፣ የክፍያ ቀንን አለማለፍ፣ ተመኑን ከገበያው ጋር መከለስ ነው። እነዚህ አንዱም ሪባን አይቆረጥላቸውም። የመሸኛ ዝውውር ፎቶ ማን ላይክ ያደርጋል?

«ሰው ያሰንፋል» የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማኪያቶ እየተጠጣ፣ ሳይነጋ በሴፍቲኔት እናቶች በተጠረገ የእግረኛ መንገድ ላይ ከተዘረጋ ወንበር ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዱ በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 በተወረሰ ቤት ውስጥ፣ የማኪያቶውን ዋጋ በማያህል የወር ኪራይ ያደገ ነው። እሱ ግን አልሰነፈም፤ ይኸው ይናገራል።

ጡረታስ? ለምን ጡረታቸውን አይበሉም ለሚል፦ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ አርባ ዓመት የኖረች ሴት ግን ማንም 11 በመቶ አላዋጣላትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዘዘው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። አንቀጹ «ለበዓል» አይልም። የአርቃቂዎቹ ዝንጋታ መሆን አለበት።

የትምህርት ቤት ምገባውም ያሳስበኛል። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ሰኞም ማክሰኞም፣ በተራ ቀን። ምርቃቱ ተቀርጿል፣ ደህና። ነገር ግን መጋቢ እናቶች በዱቤ ምስር ገዝተው የተተመነላቸው ሒሳብ ከገበያው ኋላ ሲቀር፣ ወጡ እየቀጠነ ሲሄድ ካሜራው ሌላ ቦታ ነው። ቀጭን ወጥ በቪዲዮ አይለይም።

ወደ አዳራሹ እንመለስ፣ ዝግጅቱ እያበቃ ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው አሁን ነው። «በገንዘብ ሲተመን» በሚል ይጀምራል፤ ዘይቱ በችርቻሮ ዋጋ፣ የበጎ ፈቃደኞቹ ጉልበት በሰዓት፣ የክብር እንግዳው ንግግር እንኳ በሥልጠና ሒሳብ ሊገባ ይችላል። የተቀባዮቹ አራት ሰዓት ተኩል መጠበቅ በገንዘብ አይተመንም።

ወንበሩ ይታጠፋል፣ የታሸገ ውሃው ትርፍ ለኮሚቴው ይከፋፈላል። ባነሩን ግን አደራ፣ አትጣሉት። አጥፉትና መጋዘን አስገቡት፤ ለሚቀጥለው በዓል ዓመተ ምሕረቱ ላይ ብቻ በልኩ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሙጫው በደንብ ይሁን፤ ባለፈው ነፋስ መጥቶ ወረቀቱን ገንጥሎ፣ ከሥሩ የሦስት ዓመት ደግነት ተደራርቦ ታይቷል።