ጥንቸል የሌለበት ጥንቸል

ለንደን መጠጥ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝር የሚያገላብጥ ሐበሻ «ዌልሽ ራቢት» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ፍም እንደነካ ሰው ጣቱን ሰብስቦ ወደ ዶሮው ይሻገራል። አይፈረድበትም። ራቢት ጥንቸል ነው፤ ጥንቸል ደግሞ ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም ተብሎ በኦሪት ዘሌዋውያን ከማዕድ የተባረረ ነው። ፍርዱ ላይ ክርክር የለንም። ተከሳሹ ግን በዚያ ሳህን ላይ ኖሮ አያውቅም። ዌልሽ ራቢት ማለት ቢራና ሰናፍጭ ገብቶበት የቀለጠ ቺዝ፣ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ተለቅልቆ እንደገና እሳት ያየ ነው። በቃ።

ስሙ ከ1725 ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፤ ያወጡትም እንግሊዞች ናቸው፣ ለስላቅ። ሀብታም የበሬ ሥጋ ይቆርጣል፣ ድሃ ሜዳ ወርዶ ጥንቸል ያጠምዳል፣ የዌልስ ሰው ግን ጥንቸሏም አምልጣው ቺዙን «ጥንቸሌ» እያለ ይበላል ብለው ጎረቤታቸውን የቦጨቁበት ነው። በዚያው ዘመን አነጋገር «የዌልስ ማበጠሪያ» አምስቱ የእጅ ጣቶች ነበሩ። ስኮትላንዶችም አልተረፉም፤ «ስኮች ዉድኮክ» ሲባል ወፍ የጠበቀ ሰው የሚቀርብለት ዳቦ ላይ የተደረገ እንቁላልና አንቾቪ የምትባለው ጨዋማ ትንሽ ዓሣ ነው።

ሐሜቱ መነሻ አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ዌልሶች የተጠበሰ ቺዝ ይወዳሉ፤ በቋንቋቸው «ካውስ ፖቢ» ይሉታል። በ1526 የታተመ አንድ የእንግሊዞች የቀልድ መድበል እንደሚለው፣ መንግሥተ ሰማያት በዌልሶች ተሞልታ በወሬያቸው ሌላው ሁሉ ተማረረ። ቅዱስ ጴጥሮስም መላ ዘየደ፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ «ካውስ ፖቢ!» ብሎ ጮኸ። ዌልሶቹ ጽድቃቸውን ለቺዝ ጥለው ተንጋግተው ወጡ፤ እሱ ተመልሶ ገባና በሩን ቆለፈ።

ስድብ ሲያረጅ የሚያሳፍረው ሰው አያጣም። በ1785 ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ የመንደር ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ራቢት»ን «ሬር ቢት» ብሎ ተረጎመው፤ ብርቅ ቁራሽ እንደማለት ነው። ጥቂት ፊደል ተነካካና ድህነቱ ማዕረግ አገኘ። በ1926 የእንግሊዝኛ ዳኛ የሚባለው ሄንሪ ፋውለር፣ ራቢት ትክክልም አስቂኝም ነው፣ ሬርቢት ግን ስህተትም ጅልነትም ነው ብሎ ፈረደ። ምግብ ቤቶቹ አልሰሙትም። እውነት ለመናገር ምን አስጨነቃቸው? ጥንቸል ብሎ ጽፎ «ጥንቸሉ የታለ?» ከሚል ደንበኛ ጋር ከመጨቃጨቅ፣ ብርቅ ብሎ ዋጋ መጨመር ይቀላል።

ወደ ድስቱ እንምጣ፤ ብርቅነቱ ካለም ያለው እዚያ ነው። ለአራት ቁራጭ ዳቦ 25 ግራም ቅቤ ይቅለጥ፣ 25 ግራም ዱቄት ገብቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታመስ። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ጥቁር ቢራ በጥቂት በጥቂቱ፤ ባንዴ የደፋ ሰው ጓጎል ሲያሳድድ ያመሻል። እሳቱ ዝቅ ይበልና 225 ግራም የተፈቀፈቀ፣ የቆየ ቼዳር ቺዝ በእፍኝ በእፍኝ፣ አንዱ ሳይቀልጥ ሌላው አይግባ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዎርስተር ሶስ የሚባለው የእንግሊዞች ጥቁር ኮምጣጣ ማጣፈጫ፣ ቁንዶ በርበሬ። ጨው አያስፈልግም፤ ቺዙ ይዞት መጥቷል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ከፈላ የቺዙ ፕሮቲን ተኮማትሮ ቅባቱን ይተፋል፤ ከላይ ዘይት፣ ከታች ጎማ። ዱቄቱ የገባው ይህን ለመከላከል ነው እንጂ ተአምር አይሠራም። ሞዛሬላ የሚጨምር ደግሞ የፒዛ ክር ሲጎትት ይዋል፤ የሰናፍጩን ቁጣ የሚመክተው የቆየው ቼዳር ነው። ውሁዱ ዳቦ ላይ ከመዋሉ በፊት በረድ ብሎ ይጠጥር፤ ትኩሱ ይፈስና ትሪውን ያበላል። ዳቦው አስቀድሞ በሁለቱም በኩል ይጠበስ፣ ካልሆነ ቢራውን ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። እስከ ጠርዙ ይለቅለቅ፤ የተራቆተ ጠርዝ ግሪል፣ ማለትም ከላይ የሚጠብሰው የምድጃ እሳት፣ ስር ይከስላል። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ዓይን ሳይነቀል። ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሰል ይበላል።

አሁን ጥንቸል የለበትም ብሎ የተጽናናው ወገን ትንሽ ይታገሥ። ዎርስተር ሶስ የሚሠራው አንቾቪ ተብላልቶበት ነው። ስሙ ላይ ያለው እንስሳ ድስቱ ውስጥ የለም፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ስሙ ላይ የለም። ሥጋም ዓሣም አልበላም የሚለው ደንበኛ ጥንቸል ፈርቶ ዓሣ ይውጣል ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም አይደሰት፤ ቅቤና ቺዙ አስገድፈውት ከሳህኑ ላይ የሚቀሩለት ዳቦና ቢራ ናቸው። ቢራውን በብርጭቆ ይዘዝና ይገላገል።

እንቁላል ከላይ ሲጨመርበት ደግሞ «ባክ ራቢት» ይባላል። ባክ ወንድ ጥንቸል ነው። እንቁላል ለምን ወንዱ ላይ እንደሚጨመር የጠየቀ እንግሊዛዊ የለም፤ አስተናጋጁ የሚጠይቀው አስኳሉ ይጠንክር ወይስ ይፍሰስ የሚለውን ብቻ ነው። ይፍሰስ በሉት።