ኤሲን (የአየር ማቀዝቀዣን) 16 ዲግሪ ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዝም

ወንድሜ፣ «በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ኤሲውን 16 ላይ አድርጉት፤ ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል» ያልከው ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል፤ እኔም ድሮ እንደዛው ነበርኩ። ቁጥሩ ለማሽኑ የት ላይ እንደሚያቆም ብቻ ነው የሚነግረው። የተራው ኤሲ ኮምፕረሰር (ማቀዝቀዙን የሚሠራው ሞተር) ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል። ከ30 ዲግሪ ወደ 25 ለመውረድ፣ 16 ላይም አድርገው 25 ላይም፣ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። ግን 16 ላይ ከሆነ 25 ሲደርስ አያቆምም። አንተ ጋቢ ፍለጋ ትነሳለህ፤ ቆጣሪው ይሮጣል። ኢንቨርተር የሚባለው፣ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት የሚቀያይረው ዓይነት መጀመሪያ ላይ ጠንከር ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ እሱም ከአቅሙ አያልፍም። 24 ወይም 25 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ መስኮት ክፈት፤ የትንኝ ወንፊት ካለው ማለቴ ነው። (የደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅብናል።)